በትንፋሽ የተባለ አዎ

ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲያመላልሱ የኖሩት እትዬ ዘነበች ባለፈው እሑድ ማለዳ ዐረፉ። ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ፣ ጋሃና ከተማ ውስጥ ልጆቻችሁን በእሳቸው ቫን አሳፍራችሁ፣ እናንተ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ስትሠሩ ለዋላችሁ ሁሉ ነው። ቫኑ አሁንም ደጃቸው ላይ ቆሟል። እኔ እንዳላየው መንገድ ቀይሬ ነው የምሄደው።

እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ይነዱ ነበር። «ቀበቶ ላላሰረ ተረት የለም» ይላሉ፤ ወዲያው ከኋላ የቀበቶው ቀጭ ቀጭ ይሰማል። ተረታቸው የንጉሥና የአንበሳ አልነበረም። ሁልጊዜ አንዲት ልጅ አለች፤ አዲስ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ እዚያ እሷን የሚመስል የለም። ልጆቹ ቤታቸው ሲደርሱ ተረቱን ከመሀል አቋርጠው እየወረዱ ይሄዳሉ። መጨረሻውን የምትሰማው ቤቷ ሩቅ የሆነባት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም የኔዋ ሶስና ነበረች።

ቤት ገዝተን ወደዚህ ስንዛወር ሶስና ስምንት ዓመቷ ነበር። የድሮ ትምህርት ቤቷ ሶማሌው፣ ኔፓሉ፣ ሐበሻው ተደባልቆ የሚማርበት ስለነበር ማንም ማንንም ልብ አይልም። አዲሱ ክፍል ውስጥ ግን ብቻዋን ሆነች። ብዙም ሳትቆይ የትምህርት ቤቱ ነርስ ሥራ ቦታዬ ደወለችልኝ፤ ልጅዎ መተንፈስ አቅቷታል አለችኝ። ሺፍቴን ጥዬ በረርኩ። ልጄ ግን ምንም አልሆነችም። አስተማሪዋ አንድ ነገር ብትጠይቃት፣ እንደ አባቷ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ አዎ ማለቷ ነው። እኛ ሐበሾች በትንፋሽ አዎ እንደምንል እኔም ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የክፍሉ ልጆች ባዩዋት ቁጥር እንደታፈነ ሰው እየሆኑ ሳቁባት። ልጄም መልስ መስጠት ተወች። መጀመሪያ እዚያ፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥም። ራት ላይ ስሟን ስጠራ ዓይኗን ብቻ ታነሣለች። ድምፅዋ ጠፍቶ ይቀር ይሆን እያልኩ ሰውነቴ አለቀ። እትዬ ዘነበች ግን፣ «አትጎትጉቻት ልጄ፤ ድምፅ እንደ ድመት ነው፣ ሲጠሩት አይመጣም» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አዲስ ተረት ጀመሩ። ልጅቷ የዋጠችው አዎ አልሞተም፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ በባዶው ኮሪደር ይመላለሳል፤ በየተማሪው ሎከር በር ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ባለቤቱን ይፈልጋል። ልጆቹ ፈሩ። አንዲት እናት ምን ነካዎት ብላ ብትቆጣቸው፣ «ልጅ የሚፈራው ያልተነገረውን ነው። እኔ የምነግራቸውን እነሱ ቀድመው አይተውታል» ብለው መለሱላት።

ቤታችን ደጅ ሲደርሱ ሁልጊዜ ሶስናን ይጠይቃሉ፤ «ትንፋሹ አሁንም ይዞራል። ልጅቷ እዚህ አለች ብለን እንንገረው?» ዝም ትላለች። «እንግዲያው ለነገ» ይላሉ፤ በሩን ይከፍቱላታል። ክረምቱ በዚሁ አለፈ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቀን፣ ያንኑ ሲጠይቋት፣ ከኋላ ወንበር ትንፋሿን ሳብ አደረገች። እትዬ ዘነበች ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም፤ እንዳትደነግጥ። ልቀበላት ደጅ የወጣሁትን እኔን ሲያዩ ግን እንባቸው ወረደ። የራሳቸው ልጅ እዚሁ አገር በዚሁ ዕድሜዋ ዝም ብላ እንደነበር ያን ጊዜ ነገሩኝ። «እኔ ደብል ሺፍት ስሠራ፣ የኔዋ ሳልሰማት አደገች» አሉ።

ሶስና መናገር ጀመረች፤ ተረቱ ግን አላለቀም ነበር። ልጅቷ ፈቀደች እንጂ ትንፋሹ ይድረስ አይድረስ አልነገሯትም። ብትጠይቃቸው፣ «እኔም ገና አላወቅሁም» ይሏት ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ሄድን። ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል፤ መናገር አቁመዋል። ሶስና ጆሯቸው ጋ ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ፣ ትንፋሹ ልጅቷን አገኛት?» አለቻቸው። እሳቸውም አየር ሳብ አደረጉ። ነርሷ አፈናቸው ብላ ሮጣ መጣች። ልጄ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት፤ «ኖ፣ ሺስ ኦኬ። ሺ ሴድ የስ» አለቻት።

እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ቤታችን ውስጥ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ እሰማለሁ። ደረጃው ላይ፣ አንዳንዴም በሩ ጋ። አልፈራም ብል ውሸቴን ነው። ሶስና ግን አትፈራም፤ የደጁን መብራት አታጥፊ ትለኛለች። አላጠፋሁም። ደህና ይሁኑ እትዬ። የሚመላለሱት እርስዎ ከሆኑ ግን፣ አይድከሙ፤ እዚህ አለን።