ከመቱ እስከ ጎሬ ተቆራኝተው

ወንድሜ ያን ሰው የያዘው መቱ ገበያ መሀል፣ እኔ ኮረሪማ እያስሰፈርኩ ሳለሁ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ አሳዳጊዬ እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ታጭቼ ስለነበር ገበያ ብቻዬን አይለቀኝም። አብሮኝ ይመጣና ከኋላዬ ቆሞ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግሩ እየቆመ፣ ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ ይለኛል።

ሻጩ ጎልማሳ ሰው ነበር። በመስፈሪያ ቅሉ እየሰፈረልኝ ሳለ ቀኝ ዓይኑ ጥቅስ ጥቅስ አለ። ትከሻው ወደ ጆሮው ዘለለ፤ ከጉሮሮውም «ህም» የሚል ድምፅ ወጣ። ደንግጬ ወደ ኋላ ስል እንደገና ደገመው።

ወንድሜ አልፎኝ ሄዶ የሰውዬውን ኩታ ጨመደደ። «በንጉሥ አምላክ ቁም። እህቴን ፊቴ ትጠቅሳለህ?» አለው።

ሰውዬው አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ እንደሚያደርገው፣ ዓይኑም ትከሻውም እንደማይታዘዙት ሊያስረዳ ሞከረ። በተናገረ ቁጥር ግን ባሰበት። ገበያተኛው ሲከበው ደግሞ ጭራሽ ፋታ አጣ። አንዱ ሰይጣን ይዞታል አለ፤ ሌላው ሲያላግጥ ነው አለ። እኔ ለወንድሜ፣ ሰውዬው ቅሉን ሲያይም እንደዚያው እንደሚያደርግ ነገርኩት። አልሰማኝም። አንድ ሽማግሌ እዚያው ልዳኛችሁ ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። የራሱን ኩታ ጫፍ ከሰውዬው ኩታ ጫፍ ጋር ጠበቅ አድርጎ ቋጠረና ጎሬ፣ ዳኛው ፊት ነው የምንቆመው አለ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነበር የሚሄዱት። ሰውዬው ኮረሪማውን ለጎረቤቱ ነጋዴ አደራ ብሎ ተነሳ፤ እኔም ለምስክርነት ተከተልኩ።

መንገዱ ዳገት ነው፤ ሲዘንብ ስለሰነበተ ጭቃው ያንሸራትታል። የሰውዬው ትከሻ በዘለለ ቁጥር ኩታው ይወጠርና ወንድሜን ይጎትተዋል። መጀመሪያ ላይ ወንድሜ መልሶ ይጎትት ነበር። «አርፈህ ሂድ» ይለዋል። ሰውዬውም እሺ ይልና ጥርሱን ነክሶ ጥቂት ይራመዳል። የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ፊቱ በላብ ይርሳል፤ ከዚያ ያ ሁሉ ያፈነው በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ወንድሜን ጭቃው ላይ ሊጥለው ይደርሳል። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ዓይኔን ከዚያች ትከሻ መንቀል አቃተኝ። አሁን ልትዘል ነው እያልኩ ስጠብቅ የራሴ ትከሻ ይነሳብኛል። ቀድሜያቸው ልሂድ ብዬ እቸኩላለሁ፤ ደግሞ ዞሬ አያለሁ፤ መልሼ ወደ ኋላ እቀራለሁ።

ጫካው መሀል ጅረት ስናገኝ ውሃ ልንጠጣ ጎንበስ አልን። ሰውዬው በእፍኙ የቀዳው ውሃ ከአፉ ሳይደርስ ተደፋ። ደግሞ ቀዳ፤ ደግሞ ተደፋ። ወንድሜ በራሱ እፍኝ ቀድቶ ወደ አፉ አቀረበለት። ሰውዬው ጠጣ። ወንድሜም መቼ እንደሚሻለው ጠየቀው። ሥራ ስይዝ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ስተኛ አለው። ለምን እንደያዘው ሲጠይቀው ግን «ዋቅኒ ቤካ፤ አምላክ ያውቃል» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ አልጎተተም። ኩታው ሲወጠር እሱም አብሮ ዘንበል ይል ጀመር። ግን ቋጠሮውን አልፈታም፤ አንዴ በንጉሥ አምላክ ብሎ ይዞታላ።

ጎሬ ስንደርስ ስለመሸ፣ ሁለቱ እንደተቆራኙ አክስታችን ቤት አደርን። በማግስቱ ዳኛው ግቢያቸው ውስጥ ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ሲያስችሉ ቀረብን። ሰውዬው እጅ ነስቶ ቆመ። ራሱን እንደያዘ አወቅሁ፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ወንድሜም አውቋል መሰለኝ፣ ይንተባተባል። ክሱን ሳይጀምር ያ የታፈነው ፈነዳ። የሰውዬው ዓይን ዳኛው ላይ ጥቅስ ጥቅስ አለ፤ «ህም፣ ህም» የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው።

ዳኛው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ይህ ሰው በእኔ ነው የሚያፌዘው ብለው አሽከራቸውን አለንጋ እንዲያመጣ አዘዙ።

ወንድሜ ከሰውዬው ፊት ገብቶ ቆመ። «ጌታዬ፣ ይተዉት። ሰውነቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም» አለ።

«ከሳሹ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ከመቱ እዚህ ድረስ ተቆራኝቼው መጣሁ። ዳገት ሲወጣም፣ ውሃ ሲጠጣም አይለቀውም። እህቴንም አልጠቀሳትም።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ፤ አልጠቀሰኝም አልኩ። ወንድሜን ስለችኩልነቱ ገሥጸው፣ ሰውዬውን ነጻ ብለው አሰናበቱን።

ከግቢው ስንወጣ ቋጠሮው እርጥበት ጠጥቶ ስለጠበቀ ወንድሜ በጥርሱ ነበር የፈታው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ይቅር በሉኝ» አለው። እስከዚያች ሰዓት አንተ ሲለው የነበረውን ሰው አንቱ አለው።

ሰውዬው የተጨማደደ ኩታውን አራገፈ። «ያሰርኸኝ ገበያ መሀል ነው፤ ይቅርታውንም እዚያው በል» አለና ብቻውን ቁልቁለቱን ወረደ።

ያን ሳምንት ወንድሜ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። እህሉን ጀምሮ ይተወዋል፤ ወጥቶ ይገባል። የገበያው ዕለት ኮረሪማ ተራው ጋ ሄዶ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ባለፈው ገበያ ይህን ሰው ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ምንም አላጠፋም፣ ሰውነቱ እንዲህ ነው አለ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት ታዲያ ለምን አሰርኸው አለችው፤ አላወቅሁም ነበር አላት። ሰውዬው ቀና ብሎም አላየው፤ ትከሻው እየዘለለ መስፈሩን ቀጠለ።

ወንድሜ ልሂድ ልቁም እያለ እዚያው ተገተረ። «ጋሼ፣ እንሂድ» አልኩት። በዚህ ጊዜ ሰውዬው አጠገቡ ያለውን ጆንያ ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀለት። ወንድሜ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ። ዝናቡ ገበያውን እስኪበትነው ድረስ እዚያው ነበርን።