ሦስት ቀን የድምፅ ልምምድ

የያዙኝ ልምምድ ላይ ነው። ደባርቅ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ተዋንያኑ መድረኩ ላይ ናቸው፤ እኔ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጋ ቆሜ «አይሰማኝም! ድገመው!» እያልሁ እጮኻለሁ። ከጎኔ ሰው መቀመጡን ያወቅሁት ሲጋራ ሲሸተኝ ነው። ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሥራዬን እንዳያቋርጥብኝ የሠጋ በሚመስል ለስላሳ ድምፅ፣ «ሲጨርሱ እንፈልግዎታለን» አለኝ።

ልምምዱን እስከ መጨረሻው አስኬድሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አሁንም አይገባኝም። ምናልባት ሥራዬን በደንብ ከሠራሁ የሚተዉኝ መስሎኝ ይሆናል። ተዋንያኑ ግን ሰዎቹን አይተዋቸው ስለነበር ቃላቸውን እየረሱ፣ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ጨረሱ።

ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አጥንቼ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ካስተማርሁ በኋላ ነው ጎንደር ክፍለ ሀገር የተመደብሁት። ሥራዬ ከአውራጃ አውራጃ እየዞርሁ የኪነት ቡድኖችን ቴአትር ማዘጋጀት ነበር። ዳባት ላይ አንድ ተውኔት አሳይተን፣ በማግስቱ የልጅየውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው መምህር ጠፋ። በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ ከወንበዴ ጋር ተቀላቀለ ተባለ። ያኔ ጫካ የገባ ሁሉ ወንበዴ ነው። እኔ በቦታው ሌላ ሰው ተክቼ ደባርቅ ላይ ልምምዱን ቀጠልሁ። ባቋርጥ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነበር። መቀጠሌም አስጠረጠረኝ።

ያስገቡኝ ከአንድ ባላባት የተወረሰ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። የገብስ ሽታ አልለቀቀውም፤ ነቀዝ በእጅጌያችን ይገባል። ብርዱ በበሩ ሥር እየተሳበ መጥቶ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ነው የሚይዝ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። እንደምን ዋላችሁ አልሁ። የመለሰልኝ አንድ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ወጣት፤ የአውቶቡስ ረዳት ነበርሁ አለኝ። ሌሎቹ ጫማዬን አዩ። ያልተነካ ፊቴን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አልፈረድሁባቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ሰላይ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚመጣው ብዬ አስብ ነበር።

ቦታ ያገኘሁት ጥቁር በርኖስ የተከናነቡ ሽማግሌ ጎን ነው። ፈቀቅ አሉልኝ። ባለ ሹራቡ መጥቶ ከእኛ ጋር ተጠጋ።

«ጠፋ የሚባለው መምህር ጓደኛህ ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ካፖርቴን ለብሶብኝ ነው የሄደው» አልሁት። እንደ ቀልድ ነበር ያልሁት፤ በርዶኝ ስለነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት ቀረብሁ። ጠረጴዛው ላይ የተውኔቱ ጽሑፍ አለ፤ ብዙ ቦታ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ይኸ ሁሉ ዝምታ ምንድን ነው?» አለኝ። «ሰባት ቦታ ላይ ‹ዝምታ› ይላል። ማን ነው ዝም የሚለው? ምን ላለመናገር?»

«ተመልካቹ እንዲያስብ ነው» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ስሕተቴን አወቅሁት።

«ምን እንዲያስብ?»

ገጹን ገልብጦ ተዋንያኑ መድረክ ላይ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሣልሁትን ንድፍ አወጣ። ክብ፣ መስመር፣ ቀስት።

«ይኸ ቀስት ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ወንበሩ።»

«የቱ ወንበር?»

«አባትየው የሚቀመጥበት።»

«ሊማሊሞ አይደለም?»

«ወንበር ነው፣ ጓድ።»

ወረቀቱን እያጠፈ፣ «ካፖርትህስ የት ነው?» አለኝ።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ አፌን ዘጋሁ። ስለ ካፖርቱ ስናገር አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባለ ሹራቡና ሽማግሌው። ከሁለቱ አንዱ ነው። ባለ ሹራቡ ቆሎ ዘገነልኝ፤ አመስግኜ ተቀበልሁና አልበላሁትም። ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። አለማየታቸውም አጠራጠረኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ እኔንና ሽማግሌውን አንድ ላይ ጠሩን።

«አዘጋጅ ነኝ ብለሃል» አለኝ መርማሪው። «እስቲ ይኸን አዘጋጅ።»

ሽማግሌው የአምባራስ ገበሬ ናቸው። ለወንበዴ ስንቅ አቀብለዋል ተብለው ነው የታሰሩት። አንድ ገጽ የኑዛዜ ቃል ተጽፎላቸዋል፤ በገበያ ቀን ሕዝብ ፊት ቆመው እንዲናገሩት። ችግሩ ድምፃቸው ነው።

«ጆሮዬን አፉ ላይ ብደቅን አልሰማውም» አለ መርማሪው፣ ሽማግሌውን እንደ ዕቃ በአገጩ እያመለከተ። «ገበያተኛው ከዳር እስከ ዳር መስማት አለበት። ሦስት ቀን አለህ። እሱ ከተሰማ ያ የሣልኸው ነገር ካርታ መሆኑ ቀርቶ ወንበር ይሆናል።»

ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር አስቀመጡን። ጠባቂው ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሻይና ዳቦ ተሰጠን። የመጋዘኑ ሰዎች በበሩ ስንጥቅ ዳቦውን እንዳዩት አውቄያለሁ።

ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ ቃሉን እኔ እያልሁ እሳቸው መቀበል ነበረባቸው። «እኔ ለወንበዴ ስንቅ አቀብያለሁ» ይጀምራል። ወረድ ብሎ፣ አብረዋቸው አቀበሉ የተባሉ የሁለት ጎረቤቶቻቸው ስም አለ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም።

«አባቴ፣ ትንፋሹን ከሆድዎ ያምጡት» አልኋቸው።

«ከሆዴማ ምን አለና ልጄ? ባዶ ነው።»

የመጀመሪያው ቀን ደህና ሄደ። ዝግ ያለ፣ ግን የሚሰማ ድምፅ ነበራቸው። ስሞቹ ጋ ሲደርሱ ብቻ ድምፁ ይወድቃል። አስደገምኋቸው። ወደቀ። ደግሜ አስደገምኋቸው። ወደቀ። ስሞቹን እኔው ጮክ ብዬ እየጠራሁ አሳየኋቸው፤ አንዴ የሰውየውን፣ አንዴ የሴትዮዋን። ስጠራ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሥራዬ ሰው ሲያስመስል ማየት ነው። የጠፋ ድምፅና የተደበቀ ድምፅ ይለያያሉ። ድምፁ የጠፋበት ሰው ለመናገር ይታገላል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል። እሳቸው ግን ስሞቹ ጋ ሊደርሱ አንድ ቃል ሲቀራቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት ያወርዱና ድምፁን በፈቃዳቸው ያሳንሱታል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ገባኝ። እያስመሰሉ ነው። ያውም ጥሩ አድርገው አይደለም። መርማሪውም አንድ ጊዜ በደንብ ካያቸው ይደርስባቸዋል።

ብናገር እፈታለሁ። ዝም ብል ሁለታችንም ይደረስብናል። ሦስተኛ ሐሳብም መጣብኝ፦ ሽማግሌው ራሳቸው ቢሆኑስ የተላኩብኝ? እውነቱን አውቄ እደብቅ እንደሆነ ለመፈተን? የካፖርቱ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ዳቦውን እየቆረሱ ሳሉ በድንገት፣ «አንተ የነሱ ነህ?» አሉኝ።

«እርስዎስ?» አልሁ።

ያን ቀን ቃሉን ሌላ አሥር ጊዜ ያህል አስቀበልኋቸውና ገባን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂው ለሽንት ወደ ግቢው ጥግ ሲሄድ ጎንበስ አልሁ።

«አባቴ፣ ድምፅዎ የሚጠፋው ስሞቹ ጋ ሲደርሱ ብቻ ነው።»

እጃቸው በርኖሳቸው ላይ እንዳለ ቆመ።

«እኔ ካየሁት መርማሪውም ያየዋል።»

«እና ልትነግረው ነው?»

«አይደለም። አልሆነም እያልሁዎ ነው። ድምፅ ከጠፋ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ነው የሚጠፋ። ውኃ ሲለምኑም። ጠባቂው ሲጠራዎም። መጋዘኑ ውስጥም፣ ለማንም።»

«ላንተም?»

«ለእኔም።»

አሁን ጠባቂውን ቢጠሩት አለቀልኝ። ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ገበያ ላይ በቅሎ እንደሚያይ ሰው፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ድምፅ ገለባ ሲታሽ እንደሚሰማው ዓይነት ነበር።

«በል እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው እንነሣ» አሉኝ።

ያን ጠዋት በሕይወቴ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። «ሳል አይጨምሩበት» አልኋቸው፤ «ሳል የሰነፍ ተዋናይ ነው። ለመናገር ይሞክሩ። ከልብዎ ይሞክሩ፤ ትግሉ አንገትዎ ላይ ይታይ። እምቢ ሲልዎ ይናደዱ።» አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መንገር አላስፈለገኝም። ዓይናቸው ወደ መሬት መውረዱን ተወ። ጠባቂው ሲመለስ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። «ሦስት ቀን ሲጮኹ ተዘጋባቸው» አልሁት።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው መጣ። ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ፣ በርኖሳቸውን አስተካከሉና ጀመሩ። ከንፈራቸው እያንዳንዱን ቃል ይሠራል፤ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል፤ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ነው። መርማሪው ቀረበ። «ጩኽ!» ብሎ በጥፊ መታቸው። ያቃሰቱትም በዚያው በተዘጋ ድምፅ ነው።

በዚያች ቅጽበት በልቤ ያልሁትን ስናገር አፍራለሁ። «ጎበዝ!» ነው ያልሁት።

«ሦስት ቀን ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ።

«ይኸ ድምፅ አይመለስም፣ ጓድ። ገበያ ላይ ፊት ለፊት የቆመውም አይሰማው።»

ጥቂት አሰበ። ወረቀቱን ከመሬት አነሣና ዘረጋልኝ። «እንግዲያው አንተ ታነብለታለህ። እሱ አጠገብህ ይቆማል። ያንተ ድምፅ ከአዳራሹ ውጭ ድረስ እንደሚሰማ ነግረውኛል።»

ይኸን አላሰብሁትም ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር።

«ተዋናይ አይደለሁም» አልሁ።

«ምን?»

«አዘጋጅ ነኝ። መድረክ ላይ አልወጣም።»

እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። ወረቀቱ አየር ላይ ቆየ። ጀግንነት አልነበረም፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው። ወፌ ላላ፣ ተዘቅዝቆ ውስጥ እግርን መገረፍ፣ ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ውስጥ እግሬ ከአንድ ወር በላይ መሬት አልረገጠም።

በገበያው ቀን ጫጫታው መጋዘኑ ድረስ ይሰማን ነበር። ድምፅ ማጉያው መፈክር አሰማ፤ ንግግር ተደረገ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ተቀመጡ፤ እኔም እንደዚያው። ስሞቹን ጠበቅን። ሳይጠሩ ገበያው ተበተነ። ለምን እንደተዉት አላውቅም። ሌላ ሰው ቢያነበው ሕዝቡ አያምንም ብለው ይሆናል፤ ወይም ሌላ ጉዳይ መጥቶባቸው።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላም ለማንም ድምፅ አላሰሙም። ባለ ሹራቡ አንድ ቀን ሳያስቡት ሙቅ ውኃ እግራቸው ላይ ደፋ፤ ይቅርታ ብሏል፤ በስሕተትም ይሆናል። ተቃጥለው ሲዘሉ እንኳ የወጣቸው ያው ትንፋሽ ነበር። ወጣቱ በሳምንቱ ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ተፈትቶ ይሁን ሞቶ አላወቅሁም። ሰላይ ነው ብዬ በልቤ ፈርጄበት ነበር። ሞቶ ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

ወደ ጎንደር ሲያዛውሩኝ እስረኞቹ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ማንም ከተቀመጠበት እንዳይነሣ ታዘዘ። ሁለት ወታደሮች ደግፈው ወደ መኪናው ሲወስዱኝ ሽማግሌው ተነሡ። በርኖሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው። እኔ በዕድሜ ልጃቸው እሆን ነበር። «ተቀመጥ!» አላቸው ጠባቂው። አልተቀመጡም። በሰደፍ ጎናቸውን ሲላቸው ወገባቸው ታጠፈ፤ ከዚያ መልሰው ቀጥ አሉ። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ እንደቆሙ ነበሩ።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ማስተማር ተመለስሁ። ደርግ ከወደቀ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተማሪዎች ይዤ ደባርቅ ሄድሁና አንዱን ቀን ለራሴ ወስጄ አምባራስ ወጣሁ። ሽማግሌው ተፈትተው፣ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ አርፈዋል አሉኝ። መቃብራቸውን አሳዩኝ። ከቤታቸው ጎን ካለው ቤት ደጃፍ የበግ ጠጉር የሚፈትሉ አሮጊት «እንግዳ ቆሞ አይሄድም» ብለው አስቀመጡኝ፤ ጠላ ቀዱልኝ።

ጠላዬን ይዤ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት በስማቸው ጠራቻቸው፤ ያኔ ግድግዳው ሥር ጮክ ብዬ የጠራሁት የሴትዮዋ ስም ነው። ጣሳውን ከአፌ መለስሁት።

«አቤት!» አሉ አሮጊቷ። እሳት ፈልጋ ነበር፤ ሰጧትና ተመለሱ።

«አገራችንን ከየት ያውቁታል?» አሉኝ ሲቀመጡ።

«ድሮ ለሥራ መጥቼ ነበር።»

«የምን ሥራ?»

«ቴአትር።»

«ቴአትር!» ብለው ሳቁ። «እዚህ?»

«ደባርቅ ነው፤ ትንሽ ነበር» አልሁ።

ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን እንዝርቱ እየዞረ ነው፤ ፀሐዩም ጥሩ ነበር፤ ያንን ነገር እዚያ ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ አላስቻለኝም። ስንለያይ «እናቴ» እያልሁ ተሰናበትኋቸው። ያን ስም እኔ በበቂ ጠርቼዋለሁ፤ እሳት በፈለገች ጎረቤት አፍ መስማቱ በቃኝ።