ከሰዓት በኋላ የማያመው ጉልበት

በቤታችን ጨካኟ እኔ ነበርኩ። በየማለዳው ልጄን የማስለቅሰው እኔ፣ የሚያባብለው አባቱ። ሰፈሩም እስከ ዛሬ የሚያውቀን በዚሁ ነው።

ልጄ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ከሳቢያን ሰፈር ሰው ጭኖ ሲመለስ ባጃጁ ተገልብጦ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተሰበረ። ሐኪሞቹ አጥንቱን በብረት አያያዙት። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን ተዘርግቶ ብዙ ጊዜ ስለቆየ አልታጠፍ አለ። የባጃጅ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። ጉልበቱ ካልታጠፈ መንዳት የለም። ሌላ ሙያ ደግሞ አላስተማርነውም።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩን። ቃሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ክፍሉ ውስጥ መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ፤ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ገመድ፣ ፎጣ የሚነከርበት ሙቅ ውሃ። የምታክመው ወጣት ሴት ናት። ጉልበቱን በሙቅ ፎጣ ጠቅልላ አቆየችውና ተረከዙን ይዛ ቀስ እያለች አጠፈችው። እጇ እግሩ ላይ ሆኖ የምታየው ፊቱን ነበር። ግንባሩ ሲኮማተር ትቆማለች፣ ሲፈታ ትቀጥላለች።

«እናቴ፣ በየቀኑ ቤት ካልሠራችሁት እዚህ የምለፋው ከንቱ ነው» አለችኝ። «ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው። የሚጎትት ከሆነ አይዞህ በሉት፣ ይቀጥል። የሚወጋ ከሆነ እዚያው ይቁም። እኔ በሌለሁበት የሚመራችሁ ሕመሙ ነው።»

ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ የተነገረኝን መርሳት እፈራለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ቃሏን በከንፈሬ እደግም ነበር።

«እማ፣ ዱዓ እያደረግሽ ነው?» አለኝ ልጄ።

«ጉልበትህን እያጠናሁ ነው» አልኩት።

ማለዳ ፀሐዩ ሳይከር ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬው ተረከዙ ሥር ፌስታል አደርግለታለሁ፤ እግሩ ሳይያዝ እንዲንሸራተት። ተረከዙን ወደ ራሱ ይስባል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ይስባል። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

«አቦ እማ፣ እስር ቤት እንኳን ቁርስ ይቀድማል።»

«ጨርስና ትበላለህ።»

አባቱ ከውስጥ ሆኖ ይሰማል። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ልጅ ምን በድሎሽ ነው?»

«ሐኪሟ ያለችው ነው።»

«ሐኪሟ አልወለደችውም።»

«እኔ ወልጄዋለሁ» እላለሁ፤ ልጄ ግን ወደ አባቱ ድምፅ ነው የሚዞረው።

ባለቤቴ የባቡር ጡረተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ከአደጋው በፊት ከልጁ ጋር ተቀምጦ አይጫወትም፣ ጫት ሲይዝ ቢያየውም ይቆጣ ነበር። እግሩ ከተሰበረ በኋላ ግን የአወዳይ ጫት እንደገባ ለሁለት የሚበቃ ይዞ ይመጣል። «ሕመሙን ይርሳበት» ይላል። ለጫቱ በርጫ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ባጃጅ የሚነዳ የልጄ ጓደኛም ይጨመራል። አባትና ልጅ በስተርጅና ተዋደዱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ፤ ምን ብዬ ልከልክል?

ጉልበቱ ሲያብጥ በረዶ ያዙበት ስለተባልኩ ከሱቅ በላስቲክ የታሰረ በረዶ እየገዛሁ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን ብፈልገው የበርጫው ውሃ ውስጥ ሲቀልጥ አገኘሁት።

«እማማ፣ ጉልበቱ ተጠማሁ አላለም» አለኝ ጓደኛው። «እኛ ነን የተጠማነው።» ሦስቱም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ቅሞ ሲመረቅን ልጄ ሌላ ሰው ይሆናል። ክራንቹን ጥሎ እስከ በሩ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። በማግስቱ ጠዋት እግሩን መርገጥ ያቅተዋል። ይሄ ሲደጋገም ለሐኪሟ ነገርኳት።

«ጫቱ ሕመሙን እየደበቀበት ነው» አለች። «ቅሞ ጉልበቱን አይነካው። አደራ፣ እናቴ።»

አደራዋን ቤት ገብቼ ተናገርኩ። ባለቤቴ ቅጠሉን እየመረጠ «ድሬዳዋ ውስጥ ሳይቅም የዳነ ማን አለ?» አለ።

አንድ ቀን መልካ ጀብዱ ለቅሶ ደርሼ ተመለስኩ። ግቢው ጋ ስደርስ ጭብጨባ ሰማሁ። ልጄ ፍራሹ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ጓደኛው ወገቡን ይዞታል። አባቱ ደግሞ ተንበርክኮ በሁለት እጁ የልጁን ቁርጭምጭሚት ወደ ታች ተጭኖታል። ተረከዙ መቀመጫው ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

«እማ፣ ነይ እዪ፣ አለቀ እኮ!» አለኝ ልጄ። ዓይኑ ያበራል።

«አያምህም?»

«ወላሂ ምንም።»

ባለቤቴ ላቡን በሽርጡ ጠረገ። «አንቺ ስንት ወር ያሰቃየሽውን እኛ በአንድ በርጫ ጨረስነው።»

ውሸት አልጽፍም፤ ለአንድ አፍታ ልቤ ዘለለች። ታጥፎ ሳየው የምመኘው ነገር ደረሰ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን የሐኪሟ ቃል ትዝ አለኝ። የሚያስቆማቸው ሕመሙ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት የለም።

ጠዋት ላይ ጉልበቱ እንደ ሐብሐብ አብጦ፣ ቆዳው ጠቁሮ አገኘሁት። አንሶላው ሲነካው እንኳ ይጮኻል። ሐኪሟ ጋ ስንደርስ አልነካችውም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወደቅኩ» አላት።

ዓይኔ ዓይኑ ላይ እያለ ነው የዋሸው። እኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማን እንደያዘ፣ ማን እንደተጫነ። ሰምታኝ ለአጥንት ሐኪሙ አስተላለፈችን። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው ጅማት ተበጥሷል ተባለ። እግሩ እንደገና ተዘርግቶ ታሰረ። በኋላ ሲፈታ የሚታጠፈው እንደተገረበበ በር ጥቂት ነው። ሐኪሟ ከዚያ በኋላም ስንመላለስ ያላትን ሁሉ አደረገች። በመጨረሻ ግን «ከዚህ አያልፍም» አለች፤ ስትናገር እኔን ማየት አልቻለችም።

የልጄን ባጃጅ አሁን ጓደኛው ይነዳል። ልጄ ፍራሹ ላይ ያንን እግር ዘርግቶ ይውላል።

ጉልበቱን ተቀበልኩ፤ አላህ የጻፈው ነው። ወሬውን ግን እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። መጀመሪያ አንድ እንግዳ እግሩ ምን ሆኖ እንደቀረ ሲጠይቅ ባለቤቴ «ያ ፊዚዮቴራፒ የሚሉት ነገር ነው» ብሎ መለሰ። ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ልጄን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ቅጠል ይለቅማል። አፍሮ ነው፣ አባቱን በሰው ፊት ማዋረድ ከብዶት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ወሬው ግን ከቤታችን ወጥቶ እየሰፋ ሄደ። ሐኪም ቤት ወስዳ ልጇን አስጠመዘዘችው ተባልኩ።

ባለፈው ጎረቤታችን የሆነች ልጅ መጣች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ክርኗ ተሰብሮ ጀሶው ገና መፈታቱ ነው፤ ቀኝ እጇ አልዘረጋም ብሏት ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ፊዚዮቴራፒ ሂጂ አሉኝ» አለች። «እናንተ ስለሄዳችሁ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። «ልጄ፣ እጅሽን ከወደድሽ እንዳትሄጂ። ይኸው የኔን ልጅ እይው።»

ልጄን ጠበቅኩት። አባቱ አፍሮ እውነቱን ባይናገር ይገባኛል፤ እሱ ግን ይህችን ልጅ ማዳን ይችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«አቦ፣ እዚያ ሰው ያሰቃያሉ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «እማ ግን ተስማምቷት ነበር። ሰው ሲያመው ነው ደስ የሚላት።»

በርጫው በሙሉ ሳቀ። ልጅቷም ትንሽ ፈገግ አለች።

ተከትያት በር ድረስ ወጣሁና ያየሁትን ነገርኳት። «የልጄን ጉልበት የሰበረው የእነሱ እጅ ነው፣ የሐኪሟ አይደለም። ነገ ጠዋት እኔ ራሴ እወስድሻለሁ።»

«እሺ፣ ኢንሻአላህ» አለች። አስተያየቷ ግን ባሏን በጎረቤት ለምታማ ሴት የሚሰጥ ዓይነት ነበር።

በማግስቱ ሻሼን አስሬ በሯ ላይ ቆምኩ። እናቷ ወጣች። ልጅቷ ገጠር፣ ዋሂል ሄዳለች፤ አክስቷ በሰሊጥ ዘይት ታሽላታለች፣ ምንም አያምም አለችኝ።

አሁን ተመልሳለች። ፋብሪካው ግን ወደ ሥራዋ አልመለሳትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ በግራ እጇ ነው የምትጨብጠኝ፤ በግራ ስለሆነም ይቅርታ ትጠይቀኛለች።