ነጭ ሽንኩርት የማይበላ ሽማግሌ

ዓርብ፣ ንጋት 11፡30፤ አስኮ

የእህቴ ልጅ ናትናኤል መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ሁለት ሻንጣ ይዣለሁ፤ አንዱ የልብስ ነው፣ አንዱ የምግብ። የልብሱ ትንሹ ነው። በትልቁ ውስጥ ቤት ያስፈጨሁት በርበሬና ሽሮ፣ በኮረሪማና በኮሰረት ብቻ የተነጠረ ቅቤ በጠርሙስ፣ ዝንጅብል፣ ድርቆሽና አንዲት ትንሽ ድስት አሉ።

ሽንኩርት አይስማማኝም፤ ቀዩም፣ ነጩም፣ ባሮውም። ስበላ ከንፈሬ ያብጣል፣ ገላዬ ሽፍ ይላል፣ ከበዛ ትንፋሼ ያጥራል። ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል። ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ደግሞ ጥሩ አድርጌ ነው የምበላው። አስቸጋሪው ሰው ቤት መብላት ነው፤ አሁን የምሄደውም ሰው ቤት ነው።

ናትናኤል ሊያገባት የሚፈልጋት ሲምቦ ነቀምቴ ነው ያለችው። አባቱ ስለሞቱ ለሽምግልና የሚሆን ዘመድ ሲፈለግ የተገኘሁት እኔ ነኝ። እህቴ ስትሸኘን ልጇን ትታ የእኔን እጅ ያዘች፤ «አደራህን፣ በምግብ ነገር እንዳታሳፍረን» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ዓርብ፣ 3፡00፤ አምቦ

ቁርስ። ዓርብ ስለሆነ ያለው ሽሮ ነው። አስተናጋጇን ያለ ሽንኩርት ይሠራልኝ አልኳት። ምንም ችግር የለም ብላ ሄዳ እየፈላ ይዛልኝ መጣች። ዱቄቱ ላይስ ነጭ ሽንኩርት የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አለ» አለች፣ «ግን ተፈጭቷል።»

በእሷ አልፈርድም። ሽንኩርት የለውም ማለት ሽንኩርቱ አይታይም ማለት እንደሆነ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያየሁት ነው። አንድ ምግብ ቤት ውስጥማ ከጥብሱ ላይ አንድ በአንድ ለቅመው አቅርበውልኛል፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው እንጃ። ሽሮውን ናትናኤል በላው። እኔ ዳቦ በሻይ በላሁና ለሁለቱም ከፈልኩ።

ከጉደር በኋላ መንገዱ አንዴ ደህና ነው፣ አንዴ ጉድጓድ ነው። ባኮ ላይ ሙቀት ነው፤ ሴቶች ማንጎ በባልዲ ይሸጣሉ። ሲሬ ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ የምግብ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። በርበሬውን አሸተተና ነቀምቴ በርበሬ የለም ወይ አለኝ። አለ አልኩት። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው አለ። ናትናኤል በኦሮምኛ ረዘም አድርጎ አስረዳው። ሰውዬው ሲሰማ ቆየና ሻንጣውን በገዛ እጁ ዘጋልኝ፤ እግዜር ይማርህም አለኝ።

ዓርብ፣ 9፡00፤ ነቀምቴ

የምናርፈው ጋሽ ናስር ቤት ነው። ጋሽ ናስር ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ የከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ የናትናኤል አባት ወዳጅ ነበሩ፣ ነገ ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው። የሚነግዱት ሽንኩርት ነው። መኝታዬ ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል።

«እኔ ስድስት ልጅ ያስተማርኩበትን ነገር ነው የምትጠላው» አሉኝ።

ባለቤታቸው ግን የዚህ አገር ሴት ናቸው፤ ነገሩ ሲነገራቸው አንጮቴ ቀቅለው አቀረቡልኝ። አንጮቴ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፣ ድንች ይመስላል፣ ከድንች ይበልጣል። ከነልጣጩ ይቀቀልና ይላጣል፤ ጨውና ቅቤ ከነካው ሌላ ነገር አይፈልግም። መንገደኛ አይጾምም ብዬ የራሴን ቅቤ አፈሰስኩበትና ሦስት ሳህን በላሁ። ደስ አለኝ። በእንግድነት ሄጄ እንደዚያ የጠገብኩበትን ቀን አላስታውስም።

በምሳው ላይ ጋሽ ናስር የነገውን ነገሩኝ። የሲምቦ አባት ኦቦ ገለታ መምህር ናቸው፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ በእርሳቸው በኩል ችግር የለም። ቃሉ ያለው ግን አክስቷ እጅ ነው። የሲምቦ እናት ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጓት የእናቷ እህት እትዬ ጥሩ ናቸው። ከጊዳ አያና ናቸው፤ ሲምቦ ልጅ ሳለች እዚያ ግጭት ተነስቶ ነገር ሲበላሽ ከጥቂት ጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ነቀምቴ መጥተው እህታቸው ቤት ቀሩ። እርሳቸው እሺ ካላሉ ኦቦ ገለታ እሺ አይሉም።

ቅዳሜ፣ 6፡00፤ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ነቀምቴ

ሦስተኛው ሽማግሌ ቀብር ስለሄዱ ናትናኤልን ውጭ ትተን ሁለት ሆነን ገባን። ኦቦ ገለታ በር ድረስ ወጥተው አካም ጅርቱ እያሉ ተቀበሉን። ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፤ ልጃችሁን ለልጃችን አልን። በእኛ ደንብ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም። በእትዬ ጥሩ ደንብ ግን እህል ያልቀመሰ ሰው ነገሩ አይሰማም። ቁጭ በሉ አሉን፤ ዶሮ ወጥ ቀረበ።

ዶሮ ወጥ ማለት ዶሮ የገባበት ሽንኩርት ነው። እንጀራውን ብቻ መቁረስ ጀመርኩ። እትዬ ጥሩ ወዲያው አዩኝ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ከሰው የማይነሳ ሴት ናቸው። ምነው አልተጣፈጠም ወይ ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ነጩንም አይበሉም?»

«ነጩንም።»

«ሽታውስ?»

«ሽታውም አይስማማኝም» አልኩ። ነገሬ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው።

ሳህኑን ከፊቴ አነሱት። ሲምቦ ነርስ ናት፤ አለርጂ የሚባል ነገር እንዳለ ልታስረዳ ስትሞክር አንቺ የወደድሽውን ብለሽ ነው ብለው ዝም አሰኟት። ኦቦ ገለታ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ተማክረን እናስጠራችኋለን ተባልን። ሽምግልና የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ 9፡00፤ ወደ ገበያው በእግር

«ወንድሜ» አሉኝ ጋሽ ናስር፣ «ከነጭ ሽንኩርት የሚሸሽ ማን ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። እናቴም በልጅነቴ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አንገቴ ላይ ታስርልኝ ነበር፤ ቡዳ እንዳይበላኝ። አንገቴ ሲያሳክከኝ ዓይን ገብቶበታል ብላ ትጨምርበታለች። አሁን ቡዳው እኔ ሆኜ አረፍኩት። ሳቄ መጣ።

ናትናኤል ግን አልሳቀም። ጋሽ ናስርም አልሳቁም፤ እትዬ ጥሩ ባደጉበት መንደር ቡዳ ከተባለ ቤት ጋር ጋብቻ ቀርቶ እሳት መጫጫር የለም አሉኝ። እኔ ደግሞ የልጁ የእናት ወንድም ነኝ፤ ዘሩ በቀጥታ ይደርሰዋል። ወላሂ ከባድ ነው አሉ።

ናትናኤል ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላም። አራት ዓመት ጠብቋታል። በእኔ ላይ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እህቴ ደውላ እንዴት ሆነ ስትለኝ ስልኩ ተቆረጠ ብዬ ዘጋሁት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እሁድ፣ 6፡00፤ እዚያው ቤት

ጠዋት ከጋሽ ናስር መጋዘን አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ወሰድኩ። ለአለርጂ የምይዘውን ኪኒን ኪሴ ከትቼ ብቻዬን ሄድኩ። ሲምቦና አባቷ ከቸርች ገና መመለሳቸው ነው፤ እትዬ ጥሩ በር ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«እትዬ ጥሩ፣ የሚባለውን ሰምቻለሁ» አልኳቸው። «ልጁ በእኔ ምክንያት አይቅር።»

ፊታቸው ቁጭ ብዬ ሁለት ፍሬ ላጥኩና አኘክሁት። ከሃያ ዓመት በኋላ መቅመሴ ነው። ይጣፍጣል፤ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። እትዬ ጥሩ እጃቸውን ወደ ጉሮሯቸው ልከው አፍጥጠው አዩኝ። ሸሽቶ ይጮሃል ብለው ከሆነ የጠበቁት፣ አልጮህኩም። ቀጥሎ ከንፈሬ ወፈረ፣ ዓይኔ ተደፈነ። ሲምቦ ከቤት ወጥታ አየችኝና ጎመኑን ረግጣ ደረሰች። ኪኒኑን ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ባጃጅ ያስቆመችውም እሷ ናት።

ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ መርፌ ወግቶኝ እንደማይስማማዎት እያወቁ ለምን በሉ አለኝ። ለሽምግልና አልኩት። ካርዱ ላይ ጻፈው።

እሁድ፣ 10፡00፤ ክሊኒክ

እትዬ ጥሩ መጡ። ሲምቦን ውሃ ግዢ ብለው ላኳትና በሩን ዘጉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፊቴን ደህና አድርገው ካዩ በኋላ አንቱታውን ተዉት።

«ከንፈርህን ነው ወይስ ጉሮሮህን የሚጀምርህ?»

«ከንፈሬን።»

«እኔን ጉሮሮዬን ነው» አሉ።

ሌላውን መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው፤ ቀዩም ነጩም አይስማማቸውም። በመንደራቸው አንዲት ሴት የታመመ ልጅ አጠገብ ነጭ ሽንኩርት አልይዝም ብላ ቡዳ ተባለች፤ ቤቷን ጥላ እስክትሄድ ድረስ ውሃ የሚያቀብላት አልነበረም። እሳቸው ያኔ ልጅ ናቸው፤ ያንን አይተው ማንም ሰው ሳያውቅባቸው መኖር ያዙ። በየሰርጉ፣ በየተዝካሩ ሰው እያየ ይበላሉ፤ ከዚያ ከጓሮ ሄደው ያስመልሳሉ። ሆዷ ደካማ ነው ይባላሉ። ባላቸውም ሳያውቁ ሞቱ።

«አንተ አልበላም ስትል ሁሉም ወደ አንተ አየ» አሉኝ። «ቀጥሎ ወደ እኔ የሚያዩ መሰለኝ። አንተን ያባረርኩህ ለእኔ ብዬ ነው።»

ተናደድኩ። አንድ ቀን ሙሉ ያን ልጅ ጾሙን ያሳደሩት ለዚህ ነው? ልናገራቸው አፌን ስከፍት ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ፤ እሳቸው ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ስንት ሰርግ፣ ስንት ተዝካር በልተው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም።

«አብሽሪ እላለሁ ለራሴ፣ አንድ ቀን እንደ ሰው እበላለሁ» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ ያለ ሽንኩርት እንዴት ይወፍርልሃል ብለው ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። ዱባ በመፈቅፈቂያ ይፈቀፈቃል፤ ዘይት ሳይገባ እየታሸ፣ ውሃ ጠብ እየተደረገበት እስኪሟሽሽ ይቁላላል። በርበሬው ነጭ ሽንኩርት ያልነካው ይሁን፤ ከእኔ ሻንጣ ውስጥ አለ። ዝንጅብል ይብዛ፣ ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ብቻ ይነጠር። ሽሮውን ለብቻ ማስፈጨት ነው፤ ወፍጮ ቤት ሄዶ ከሁሉ በፊት ተራ መያዝ፣ የሌላ ሰው እንዳይደባለቅ። መጻፍ ስለማይችሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በአራተኛው ራሳቸው አሉት፣ አንድም አልሳቱም።

ሰኞ፣ 5፡00፤ በከኒሳ ቀሴ

ጠሩን። ናትናኤል ለመሥሪያ ቤቱ ደውሎ አንድ ቀን ለምኗል። የእኔ አንድ ዓይን ገና በደንብ አልተከፈተም፤ ሽማግሌ በዚህ መልክ ሲገባ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤቱ ሞልቷል። ከእትዬ ጥሩ ጋር ከጊዳ አያና የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ግድግዳ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ እኔን እያዩ ይንሾካሾካሉ።

ኦቦ ገለታ ተነሱና ልጃችንን ሰጥተናል አሉ። ጋሽ ናስር መረቁ፣ ኦቦ ገለታ በኦሮምኛ መረቁ፣ አሜን አልን። ናትናኤል መሬት ሳመ። ቀና ሲል ፊቱን አዞረብኝ፤ እያለቀሰ ነበር።

ምግብ ቀረበ። ትልቁ ድስት ለሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ እትዬ ጥሩ ትንሿን ድስት ይዘው መጥተው እኔ ፊት አወጡት። የዶሮ ወጥ ነው፤ ዱባው ትንሽ በዝቶበታል፣ በርበሬው የእኔ ነው። ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ሳህን ሄደ። ከሴቶቹ አንዷ ለእንግዳው ብቻ ምን ተለይቶ ነው የሚሠራው አለች።

እትዬ ጥሩ ወደ ማጀት አልተመለሱም። እጃቸውን ታጠቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለእንግዳው ብቻ አይደለም» አሉ። «ለእኔም ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት አይስማማኝም።»

ሲምቦ የያዘችው ማንቆርቆሪያ እጇ ላይ ቀረ። ጠያቂዋ ሴት አክስቲቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና አክስቲቱን አየች። እትዬ ጥሩ ከእኔ ሳህን ቆርሰው ጎረሱ። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ አላመጡ፣ ዋጡ፣ ሁለተኛውን ጠቀለሉ።