ሰባት የተለቀሙ ቀለሃዎች

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሚስቴ ታውቀዋለች፣ ልጄ ታውቀዋለች፣ መኪናዬን ቆልፌ አሥር እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እንደምጎትት አትላንታ ዳር ስኔልቪል ያለው ጎረቤቴ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ልጁ ጠመንጃ ተኳሽ ስትሆንበት አስቡት እስቲ።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። እዚሁ አትላንታ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ አሁን ኢንጂነር ሆና ትሠራለች። ዩኒቨርሲቲ እያለች ጓደኞቿ ዒላማ ተኩስ ይዘዋት ሄዱ፤ ወረቀት ላይ የተሳለች ክብ ከሩቅ መምታት ማለት ነው። አንድ ሰሞን ታይቶ የሚያልፍ ነገር መስሎኝ ነበር። አላለፈም። ሥራ ይዛም ቀጠለች፣ ውድድር ገባች፣ አንድ ቀን ጭራሽ ዋንጫ ይዛ መጣች። «አደን አይደለም፣ ጠብ አይደለም፣ ወረቀት እኮ ነው አባቢ» ትለኛለች። ወረቀት ይሁን! ከጉንጯ ሥር የሚነደው ግን ባሩድ ነው።

ከልክላት ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላትን ሰው ምን ብዬ ልከልክል? ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ለፍርሃቴ ሥራ ሰጠሁት። «ጥይቱን እኔ ላዘጋጅልሽ» አልኳት። ዒላማ የሚወዱ ሰዎች እዚህ አገር የተተኮሰውን ቀለሃ፣ ማለትም ከተኩስ በኋላ የሚተርፈውን ባዶ የነሐስ እቃ፣ ሰብስበው ቤታቸው እንደገና ይሞሉታል። ፋብሪካ ለሁሉም ሰው ይሠራል፤ ቤት የሚሞላ ሰው ግን ለአንድ ጠመንጃና ለአንድ ሰው ነው የሚሠራው። ስለዚህ በሕይወቴ አንድ ጥይት ተኩሼ የማላውቅ ሰው፣ ከኤርፖርት ሹፍርናዬ ስመለስ ጋራዥ ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ቀለሃ እመዝናለሁ።

ሥራው መልመድ የሚፈልግ ነው። ሁለት ቀለሃ ጎን ለጎን ሲታዩ መንታ ናቸው። ሚዛን ላይ ሲወጡ አንዱ ይከብዳል። የከበደው ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ውስጡ ጠባብ ነው፤ እኩል ባሩድ ቢጨመርባቸውም ግፊታቸው ይለያያል፣ ጥይቱም ወረቀቱ ላይ ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ስለዚህ እየተመዘነ ይመደባል፤ ከባዱ ከከባዱ፣ ቀላሉ ከቀላሉ። ይኼ ለውጤት ነው፤ ለእሷ ነው።

ለእኔ ዋናው ከሚዛን በፊት ያለው ነው። ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ቀለሃ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ውስጥ ውስጡን ይሳሳል። ጫፉን ያጠፍኩት ቀጭን ሽቦ አለኝ። ወደ ውስጥ እሰደውና ግድግዳውን እየጫርኩ ወደ ላይ እስበዋለሁ። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ያዝ ካደረገ እዚያ ጋ ነሐሱ ተቦርቡሯል። እንዲህ ያለ ቀለሃ አንዳንዴ ከውጭም ቀጭን የምታበራ መስመር ያወጣል። እንደገና ሲተኮስ ከሁለት ሊበጠስ ይችላል፣ ሲበጠስ ደግሞ የጋለው ጭስ ወደ ኋላ ይመጣል። ኋላ ያለው የልጄ ፊት ነው።

በዚህ ዓመት ብርዱ እንደወጣ በአሮጌ ቀለሃዎቿ ተጨቃጨቅን። ሃምሳ ነበሩ፤ የምትወዳቸው፣ ዋንጫውን ያመጡላት። እኔ አርጅተዋል አልኩ፤ እሷ «አባቢ ሪላክስ፣ ፓራኖይድ እየሆንክ ነው» አለች፤ በጥላው የሚደነግጥ ማለቷ ነው። ሃምሳውንም አንድ በአንድ በሽቦ ፈተሽኩ። ሰባቱ ያዙ! ሰባት! መጥፎ የተባለ ቀለሃ እዚያው በዚያው በፒንሳ ተጨፍልቆ ይጣላል፤ ይህን እኔው ነኝ ለሰው የምሰብከው። አልጨፈለቅኳቸውም። ለምን? ለልጄ ላሳያት። «ና እስቲ ፓራኖይዱ፣ አሳየኝ» ስትለኝ ሽቦውን እጇ ላይ አድርጌ አፏን ላስይዛት። ስለዚህ ሰባቱን ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኳቸው። አርባ ሦስቱ ሃምሳ ቀዳዳ ባለው መደርደሪያቸው ላይ ቀሩ።

አማቴ በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። አማቴ ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይችሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና በሚዘጋጅበት መጋዘን ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጥቁሯን ፍሬ፣ የተሰበረችዋን፣ ነቀዝ የበላትን ከክምር መሀል ዓይናቸው ነጥሎ ያወጣል። ጋራዥ መጥተው አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«ቀለሃ እየለቀምኩ ነው እማማ።»

ሳቃቸው መጣ። «ወይ ጉድ! እኔ ከለቀማ ተገላገልኩ ብዬ አሜሪካ ብመጣ፣ ለቀማ አሜሪካ ቀድሞኝ ደርሶ ይጠብቀኝ?»

አብረን ሳቅን። ሰባቱን እንዳይነኩብኝ ብዬ ጠርሙሷ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። እንግሊዝኛ አያነቡምና ለእሳቸው ስል በአማርኛ ጻፍኩ፦ «የተለቀሙ»። ተለቅመው የወጡ፣ የተነጠሉ ማለቴ ነው። ጽፌ ስጨርስ እንዲያውም ለሰው አሳቢ ነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ መደርደሪያው ሞልቷል። ሃምሳ። ልጄ ማክሰኞ እኔ በሌለሁበት ብቅ ብላ ነበር፤ ሰምታኛለች ማለት ነው፣ ጋራዥ ካሉት አዲስ ቀለሃዎች ሰባት መርጣ ተክታለች ማለት ነው አልኩ። ደውለህ አትጠይቃትም ነበር ወይ? እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። እውነቱን ልናገር፣ ክርክሩን ማሸነፌን እንዳታበላሽብኝ ነው ያልደወልኩት። ሁሌ ሦስቴ የምፈትሸው ሰውዬ በዚያ ቀን አንዴም አልፈተሽኩም። ሃምሳውንም ሞላሁ። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝና የጥይቱን ሳጥን ይዛ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ኩሽና ገባሁ። ምድጃው አጠገብ አንዲት ጠርሙስ ታጥባ፣ አብሽ ተሞልቶባት፣ ተከድና ተቀምጣለች። ፕላስተሩ አልተላጠም። «የተለቀሙ» ይላል፣ የገዛ እጄ ጽሑፍ።

ጠርሙሷን ይዤ ወደ አማቴ ዞርኩ።

«እማማ፣ ይቺ ጠርሙስ... ባዶዋን ነው ያገኟት?»

«ኧረ ሰባት ፍሬ ነበረባት። ከጓደኞቻቸው ጋ አስገባሁልህ እኮ። ሰባት ክፍት ቦታ ነበር፣ ልክክ አሉ።»

«ለምን እማማ? ለምን?»

«የተለቀሙ ይል የለ?» ደንገጥ አሉ። «አንብቤ ነው እንጂ ዝም ብዬ መች ነካሁ? የሚጣለውማ ግርድ ይባላል።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእሳቸው ቤት የተለቀመ ማለት የጠራ፣ እንከኑ የወጣለት፣ መርከብ የሚጫን ማለት ነው። የወጣው እንከን ስሙ ሌላ ነው። ምስር እንኳን ብንል የተለቀመ ምስር ድስት ይገባል እንጂ ይደፋል እንዴ? አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት።

ደወልኩ። ቮይስሜይል። እንደገና ደወልኩ። ቮይስሜይል። ልጄ ሬንጅ፣ ተኩስ ሜዳው፣ ስትገባ ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የምትወረውረው። የተኩስ ቦታው ቢሮ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳው የለም። ቴክስት አደረግኩ፣ «አትተኩሺ» ብዬ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ሚስቴ ሥራ ላይ ናት። ውድድሩ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት ዘጠኝ ላይ ይጀምራል፣ መንገዱ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሊሆን ነው። ቁልፌን ይዤ ስወጣ አማቴ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተከትለውኝ መኪናው ውስጥ ገቡ። ውጡ አይባል።

በሰባ ስምንት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። በእሳቸው መናደድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ከፊቴ በሚንቀራፈፈው ፒካፕ ተናደድኩ፣ በቀይ መብራቱ ተናደድኩ፣ ቅዳሜን የሚያህል ቀን መኪና ይዞ በወጣው ሕዝብ ሁሉ ተናደድኩ። በዓይነ ሕሊናዬ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግራ ጉንጯ ላይ ያለችዋን፣ በሕፃንነቷ ስስማት የኖርኩትን ማርያም የሳመቻትን ጥቁር ነጥብ።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ አማቴ ቀስ ብለው።

«ምንም አላጠፉም እማማ።»

«ታዲያ ምነው ትበራለህ?»

ነገርኳቸው። ሽቦውን፣ መስመሩን፣ ጭሱን፣ ሁሉንም። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር።

ተኩስ ሜዳው ስደርስ እንደነገሩ ፓርክ አድርጌ ወረድኩ። ተኩሱ ጀምሯል። ተኳሾቹ በሆዳቸው ተኝተዋል፤ ልጄ ከግራ አራተኛ፣ ሰማያዊ ምንጣፏ ላይ። እግሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና አለች፣ ደህና ናት፣ አልኩ። ወዲያው ደግሞ መቀርቀሪያውን ስባ ሌላ ጥይት አጎረሰች።

ተኩስ እያለ ከተኳሾቹ ኋላ የተሰመረውን ቢጫ መስመር ማንም አያልፍም። ግን አደጋ ያየ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጮሆ ተኩሱን ማስቆም ይችላል። መጀመሪያ ቀን ልጄ ራሷ ነግራኛለች፦ «አንተም ብትሆን አባቢ፣ ሲዝ ፋየር ማለት ነው፣ በቃ።» ሁለት ቃል። አልወጣ አለኝ! ይህን ያህል ዓመት አሜሪካ ስኖር ድምፄን ከፍ አድርጌ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ተሳፋሪ ቢሰድበኝም ዝቅ ብዬ ነው የምመልሰው። ጠመንጃ በያዙ ፈረንጆች መሀል አንድ የማያውቁት ጥቁር ሰው ቢጮህ ምን ይሉታል የሚለው ሐሳብ እንኳን በዚያች ሰዓት ራሴ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል። ልጄ ጉንጯን ጠመንጃው ላይ አስተኛች።

«አቁሚ!»

የወጣው አማርኛ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። አንድ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩኝ፣ ምን እንዳልኩ የገባው የለም። ልጄ ግን ጆሮዋ ላይ የምታደርገው መከላከያ ፍንዳታውን አፍኖ የሰው ድምፅ ያሳልፋል። ደርቃ ቀረች። ቀጥሎ ጣቷን ከቃታው አወጣች፣ መቀርቀሪያውን ከፈተች፣ እጇን አነሳችና እሷው ጮኸች፦ «ሲዝ ፋየር!» ተኩሱ ሁሉ ቆመ።

«ምንድነው አባቢ? ማሚ ምን ሆነች?»

«ማሚ ደህና ናት። ሰባቱ መጥፎዎች ሳጥንሽ ውስጥ ናቸው» አልኳት። የጠርሙሷን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

ሃያ ሁለት ተኩሳ ነበር። የቦታው ኃላፊ፣ ሽማግሌ ሰውዬ፣ ምንም ሳይቆጣ ከኋላ ያለውን ጠረጴዛ አሳየን። አማቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «አምጡልኝ» አሉ። ያልተተኮሱትን ፊታቸው ደረደሩ፤ ወደ ብርሃን እያዞሩ፣ ከታች በኩል በአውራ ጣት ጥፍራቸው ዳሰስ እያደረጉ። አንዷን ወደ ጎን። ቀጥሎ ሌላ። እኔ መብራት ስር በመነጽርና በሽቦ የማደርገውን እሳቸው በዓይናቸው እያዩ ይነጥላሉ። ካልተተኮሱት ስድስት አወጡ። ከዚያ ባዶዎቹን ጠየቁ። ብዙም ሳይቆዩ አንዷ ላይ እጃቸው ቆመ።

«ሰባት» አሉ።

ቀለሃዋ ከታች በኩል ግማሽ ዙሪያዋ ድረስ ተሰንጥቃለች። ስንጥቁ ላይ ጥቀርሻ አለ። ልጄ ተቀብላ አገላበጠቻት። ያን ጊዜ ነው ጉንጯን ያየሁት፤ ከዚያች ከነጥቧ በታች ጣት የምታህል ጥቁር ጭረት አለች።

«ዘጠነኛው ላይ መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «የሆነ ነገር ፊቴን ገረፍ አደረገኝ። ሞቅ ያለ ነገር።»

«ታዲያ ምነው አላቆምሽም!» ጮህኩባት። ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩባት። «ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት! አሥራ ሦስት ጥይት! ምን ብለሽ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኳት ይመስል።

«አንተ ለቅመኸዋል ብዬ ነዋ፣ አባቢ።»

ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች። እኔ አማቴ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።