ልጄን ሌባ ያለው ካሜራ

ከመርሳ የወጣነው አመሻሹ ላይ ነው፤ ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ ፋጤ የአልጋ ቁራኛ እናቷን ጥላ መውጣት አልቻለችም። «ሰይድን ያሽሹልኝ፤ ወጣት እየተለቀመ ነው» አለችኝ። ያለን ልጅ እሱ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ታጣቂዎች አስቁመው ፊቱ ላይ ባትሪ እያበሩ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ አሳምኜም አሳለፍኩት። በአንደበት አልታማም። በሀብሩ ወረዳ ደም የተቃቡ ሰዎችን የማስታርቅ አባጋር ነበርኩ፤ ከግራና ከተማ እስከ ሐራ ስሜን የማያውቅ የለም።

በሱዳን አልፈን፣ ስንቱን ወገን የበላውን ባሕር ተሻግረን ከዚህ የብርድ አገር ገባን። ወገኖቼ፣ እዚህም ማንጎ አለ፤ የመርሳን ማንጎ ለለመደ ግን ሳሙና እንደ መብላት ነው። ጎረቤቱም «እንዴት አደርክ?» ሲሉት ይደነግጣል። ቢሆንም ሰይድ ምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ። እኔም እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ ከሬዲዮ የተማርኩ ሰው ነኝና አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ የተሰቀለ ካሜራ የሰይድን ፊት አይቶ፣ ከሱቅ ዕቃ የሰረቀ ሌባ ነው አለ። ፖሊሶች ሕዝብ እያየ በካቴና አስረው ወሰዱት። ስርቆቱ ሲፈጸም እሱ ሰሃን እያጠበ እንደነበር ሲረጋገጥ በጓሮ በር ለቀቁት። አሠሪው ግን «ሌላ ሰው ቀጥረናል» አለው። ከዚያ ወዲህ ልጄ መጋረጃ ዘግቶ ተቀመጠ። ያሰረው ሰው መጥቶ «በድዬሃለሁ» ቢለው ከቤት እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ስንቱን አስታርቄ አይቻለሁና። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

«ልጄን ሌባ ያለው ማን ነው?» አልኩት በር ላይ የተቀመጠውን ፖሊስ።

«ሲስተሙ ነው፣ ሰር።»

«ጥራልኝ።»

«ኮምፕዩተር እኮ ነው።»

«ካቴናውን ያጠለቀለትስ? እሱም ኮምፕዩተር ነው?»

«እሱ ሲስተሙ ያለውን ነው የፈጸመው።»

«ሲስተሙን የሚያዘውስ?»

«የሠራው ኩባንያ ነው። ሶሪ።»

«ሶሪውን ለልጄ በሉት። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል። አለቃህ ድንጋይ ይዞ ቤቴ ይምጣ፤ ከትከሻው የማወርድለት እኔ ነኝ።»

ድንጋይ ሲሰማ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። «ድንጋይ ልትወረውርብን ነው?» አለ። ‹ሰር› መባሉ እዚያው ቀረ። ሌላ ፖሊስ ጠርቶ ግድግዳ አስደግፈው በፊት ለፊትም በጎንም ፎቶ አነሱኝ። የስንቱን ደም ያደረቅሁት ሰውዬ፣ ፊቴ ከልጄ ፊት ጋር ኮምፕዩተር ውስጥ ገባ።

ትናንት ፋጤ በቪዲዮ ደወለች።

«ድምፃችሁንስ ሰማሁ። ወላሂ ናፍቆት ገደለኝ፤ የልጄን ፊት ያሳዩኝ» አለች።

ስልኩን ወደ ሰይድ ሳዞረው ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ስቦ ካሜራውን በመዳፉ ሸፈነው።

«ምነው ጨለመብኝ?»

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።

«ሰይድ፣ አለህ ልጄ?»

«አለሁ፣ እማ» አላት፤ መዳፉን ግን አላነሳም።