ለካቦው እንቅልፍ የታሰረው መተንፈሻ

ይህ የሆነው በጣልያን ጊዜ፣ ቡሬ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ዛሬ አርጅቼ ፍኖተ ሰላም ከልጄ ቤት ተቀምጫለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያችን ቀን ግን አልረሳኋትም። ለአንድ ሰነፍ እንቅልፍ ሲባል ስንት ሰው ሊያልቅ እንደነበር ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ጣልያን ከጦር ሰፈሩ አጠገብ በእንፋሎት የሚሠራ ወፍጮ ተክሎ ነበር። እኔ እንፋሎቱን የሚያፈላው የብረት ጋን፣ የቦይለሩ፣ እሳት ጠባቂ ነበርሁ። እንጨት እማግዳለሁ፣ ውኃው እንዳይጎድል ከጎኑ ባለው መስታወት እያየሁ እሞላለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ አንድ የሐማሴን ሰው ከሁሉ አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ ስለ መተንፈሻው ነው። መተንፈሻው ከቦይለሩ አናት ላይ ያለ፣ ብረት የተጫነው ክዳን ነው። እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ ብረቱን አንሥቶ እየጮኸ ይወጣል። «ይህን ያፈንኸው ቀን ቦይለር ሳይሆን መድፍ ነው የያዝኸው» ይለኝ ነበር።

እሱ ሲዛወር አንድ ጣልያን ካቦ፣ የሥራ አለቃ፣ መጣብን። ጫማውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያስጠርግ፣ ጢሙን በቅባት የሚያሾል ሰው ነበር። ሥልጣኔ አመጣንላችሁ እያለ ይደነፋል፤ ስለ ቦይለር ግን ከበቅሎዬ የተሻለ አያውቅም። ምሳውን ይበላና ከቦይለሩ ቤት ጀርባ ካለች ክፍሉ ገብቶ ይተኛል። ሌላ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም።

አስተርጓሚው አለኸኝ የሚባል የአገራችን ልጅ ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ በጣልያን ተማምኖ ሽማግሌ ሲመጣ እንኳ ከመቀመጫው አይነሣም። በልቤ ባንዳ እያልሁ እሰድበው ነበር። ሰላምታም አልሰጠውም።

የዚያን ቀን ዝናቡ አላባራም። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ጀርባቸውን ለቦይለሩ ቤት ግድግዳ ሰጥተው ይሞቃሉ። የቡሬ ክረምት ብርዱ አይጣል ነውና ሁልጊዜም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ከመካከላቸው የአለኸኝ እናት እማሆይ ድንቄ ነበሩ።

ካቦው እንደተኛ መተንፈሻው ጮኸ። ሰውዬው ዓይኑን እያሸ፣ አለኸኝን አስከትሎ መጣ።

«እንቅልፍ ነሳኝ፣ እሰረው ይላል» አለኝ አለኸኝ።

«ኸታሰረማ ሁላችንም አለቅን! ንገረው እንጅ!»

ነገረው። ካቦው የሽጉጡን አፎት መታ መታ አደረገ። ወፍጮው ከቆመም በጅራፍ እንደሚገርፈኝ በአለኸኝ አፍ አስነገረኝ።

ሽቦ የለም አልሁና ከግድግዳው ላይ የቀንበር ማሰሪያ የቆዳ ጠፍር አውርጄ ክዳኑን አሰርሁበት። በሬ ጠምዶ የሚያውቅ ሁሉ ጠፍርን ያውቀዋል። ደረቁ እንደ ብረት ነው፤ የፈላ ነገር ሲያገኘው ግን ይቀቀልና ይበጠሳል። ካቦው የጠፍሩን ቋጠሮ ሳብ ሳብ አድርጎ አየና ጠንካራ ሲሆንበት ደስ አለው። ተመልሶ ተኛ።

አለኸኝ የገበሬ ልጅ ነው። ጠፍሩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። አንድ ቃል ቢተነፍስ አበቃልኝ። ካቦውን ሳይቀሰቅስ ወደ ውጭ ወጣ።

«እማ፣ ኸዚህ ይነሡ። እባካችሁ፣ ሁላችሁም ተነሡ!» ሲል ሰማሁት።

«እኔ ለጣልያን ያደረ ልጅ የለኝም» አሉ እማሆይ ድንቄ። «ኸዝናቡ ልታባርረን ነው?»

እኔም በበሩ ብቅ ብዬ ለመንኋቸው። የባንዳ ትእዛዝ ነው ብለው ጭራሽ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ቁጡ ሕዝብ ነን፤ በእልህ እንሞታለን እንጅ ባንዳ አያስነሣንም።

አለኸኝ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰና ከቦይለሩ አጠገብ ቆመ። መሸሽ ይችል ነበር። እንጨት መጨመሩን ትቻለሁ፤ የእንፋሎቱን ኃይል የሚለካው መርፌ ግን ቀዩን መስመር አልፎ ይወጣል። ከክዳኑ ሥር የሚሾልከው እንፋሎት ጠፍሩን ያርሰዋል። «እመቤቴ፣ ቶሎ ቀቅይው» እያልሁ ጸለይሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጸለይሁም።

ጠፍሩ ተበጠሰ። እንፋሎቱ ሰማይ የተቀደደ እስኪመስል ጮኸ። ሥልጣኔ ያመጣልን ካቦ በውስጥ ሱሪው፣ በአንድ እግር ጫማ እየሮጠ ወጣና ከጭቃው ላይ በደረቱ ወደቀ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ካቦው በሰዉ ሳቅ አበደ። የተበጠሰውን ጠፍር ይዞ ወደ እኔ መጣ። አለኸኝ በመካከላችን ገባና በጣልያንኛ ተናገረ። ቋንቋውን በደንብ ባላውቅም ጠፍሩን እያሳየ ደረቱን ሲመታ ገባኝ። መርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነበር። ካቦውም በእናቱ ፊት፣ በዝናቡ ውስጥ ገረፈው። እማሆይ ድንቄ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ካቦው ከዚያ ወዲያ እንቅልፉን ይዞ ወደ ጦር ሰፈሩ ሄደ። እኔ አለኸኝን አላመሰገንሁትም። ለእናቱ ብሎ ነው እንጅ ለእኔ አይደለም እያልሁ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ጣልያን ከወጣ በኋላም ባንዳ ሲሉት ዝም ብዬ ሰማሁ።

የዚያ ወፍጮ ዱቄት ግን አብዛኛው ዱር የገቡ ወንድሞቻችንን ለሚያሳድደው ጦር ነበር የሚጋገረው። እሳቱንም በየቀኑ የምማግደው እኔ ነበርሁ። በካቦው ስስቅ ዘመኔ አለቀ፤ አሁን ግን ከእሱ ይልቅ ራሴን እንቃለሁ።